ሰባተኛው ፊልም እንዴት እንዳለቀ

መምህር ኪዳነወልድ ከፊልም የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነበር። ዓይኑን ያጣው በአራት ዓመቱ በኩፍኝ ነው። ልጅ ሳለ ከደብረ ታቦር ለትምህርት ሰበታ መጣ፤ አደገና የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ፈረንጆቹ ከሚናገሩት አንዲት ቃል አታመልጠውም። ንግግሩ ቆሞ ሩጫና ተኩስ ሲመጣ ግን ማን እንደወደቀ፣ ማን እንዳመለጠ አያውቅም።

ሌላውን ግማሽ ያመጣችለት ጣቢታ ናት። ከዱራሜ መጥታ ፈትል ፋብሪካ የምትሠራ፣ በአከራያቸው በኦቦ ለሚ ግቢ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየች ልጅ ነበረች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩን አንኳኳች። ድምፁን ቀንስ ልትለው የመጣች መስሎት ላፕቶፑን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

«አይ፣ አያጥፉት መምህር! ተኩሱን ስሰማ ጊዜ ነው። ምን እያዩ ነው?» አለችና ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች።

እሱ ግን ሳቀ። «እኔ እየሰማሁ ነው። አንቺ ግቢና እይልኝ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የሚያየው የአንድ ሰላይን ፊልም ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እየተከታተለ የወጣውን፣ አሥራ አንድ ክፍል የደረሰውን። ሰበታ ውስጥ የሰላዩን የፊልም ስም የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አክተሩ» ነው የሚለው። ጣቢታ እንግሊዝኛ አትሰማም። እሱ የተባለውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግራታል፤ እሷ የሚሆነውን ትነግረዋለች። «አሁን ጣሪያ ላይ ወጣ… ወይኔ! አንዱ ከኋላው መጣ፣ አላየውም… አየው! አየው!» ኪዳነወልድ በሕይወቱ ፊልም እንደዚያ ቀን አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሁለቱም እሁድ ያው ሆነ። እሷ ከጸሎት ቤት፣ እሱ ከቅዳሴ ይመለሳሉ፤ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ ፊልም። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ «እርስዎ» ማለቷን ትታ «አንተ» አለችው። ስድስተኛው ላይ እጁን ያዘችው። በፍርሃት ነበር፤ አክተሩ ከገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳለ። ገመዱ ተጎትቶ ካለቀ በኋላም አልለቀቀችውም።

ሰባተኛውን ያዩት ኪዳነወልድ የእናቱን ቀብር ውሎ ከደብረ ታቦር በተመለሰ ሳምንት ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሌና የምትባል ሴት አለች። አክተሩን ለዓመታት በጆሮው ማዳመጫ «ወደ ግራ ታጠፍ፣ ሁለት ሰዎች አሉ» እያለች የምትመራው እሷ ናት። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያ ሊገናኙ ይቀጣጠራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ደቂቃ ንግግር የለውም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ነፋስና የባቡር ድምፅ።

«ምን ሆነ? ንገሪኝ እንጂ!»

ጣቢታ እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «አገኛት» አለች። «ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። ቀይ ሻርፕ አድርጋለች። ሲያያት አወቃት። አቀፋት… አብረው ባቡሩ ላይ ወጡ።»

ኪዳነወልድ እናቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ልቡ አለቀሰ። በስምንተኛው ላይ የሌና ስም ሳይነሳ ሲቀር «የት ሄደች?» ብሎ ጠየቃት። «ጠላት እንዳያገኛት ደብቋት ይሆናላ» አለችው። እሱም አመነ።

አሥራ አንዱን ሲጨርሱ ደረጃ ሊያወጡላቸው ተቀመጡ። ሁለት እሁድ ሙሉ ተከራከሩ። የእሷ አንደኛ ሦስተኛው ነበር፤ በውኃ ላይ የተሠራችው ከተማ ያለችበት።

«መንገዱ ሁሉ ውኃ ነው እኮ! ሰው ከቤቱ በር በጀልባ ሲወጣ!»

«ታሪክ የለውም ጣቢ። ለሥዕሉ ብለሽ ነው።»

«አንተስ ለሙዚቃው ብለህ አይደል ዘጠነኛውን ሁለተኛ ያደረግከው?»

አምስተኛው መጨረሻ እንዲሆን ያለ ክርክር ተስማሙ፤ ከጥይት በቀር ምንም የለበትም። በአንደኛነት ቦታው ላይ ግን ኪዳነወልድ አልበገር አለ። «ሰባተኛው ነው። በድምፅ ብቻ የሚያውቃትን ሴት በመጨረሻ ያገኘበት ነው። ከዚህ በላይ ምን ፊልም አለ?»

ጣቢታ «ግን እኮ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ «እሺ፣ ይሁንልህ» አለችው። ዝርዝሩን በብሬል ወጋጋው፤ እሷም በጣቷ እየዳሰሰች ነጥቦቹን ቆጠረች።

በዚያው ወር ለጋብቻ ጠየቃት። «ቲቶን ላናግረው» አለች። ቲቶ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቡራዩ በግንባታ ሥራ ፎርማን ሆኖ ይሠራል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነበር፤ ለእሷ ደብተር መግዣ ብሎ የራሱን ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው። አንድ ቅዳሜ ሰበታ መጣ፤ ኪዳነወልድ ቤት ሻይ ጠጣ፤ «መምህር፣ እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት» አለ፤ ሌላ ምንም ሳይል ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ጣቢታ ቡራዩ የተሻለ ሥራ ማግኘቷን ነገረችው። «ለጊዜው ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሁድ እመጣለሁ» አለችው። ሁለቴ መጣች። ከዚያ ሽፍት ሆነ፤ ከዚያ ጉንፋን፤ ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ስልኳ ግን ሁልጊዜ ይነሳ ነበር፤ ድምፅዋም ሁልጊዜ ደስ ያለው ነበር። ኪዳነወልድም ጠበቀ።

አራት ወር እንዳለፈ አሥራ ሁለተኛው ፊልም ሊወጣ ነው ተባለ። በዕረፍት ሰዓት መምህራኑ ስለ ቀድሞዎቹ ወሬ ጀመሩ። አዲሷ የኮምፒውተር መምህርት ሉሲ «እስቲ ሁላችሁም አንደኛችሁን ተናገሩ» አለች።

«ሰባተኛው» አለ ኪዳነወልድ።

«የእኔም!» አለች ሉሲ። «ያ መጨረሻው ግን እንዴት አንጀት ይበላል! ምሰሶውን እንደተደገፈች ሞታ ሲያገኛት…»

«ማን ሞታ?»

«ሌና ናታ። አክተሩ አይሞት፤ እሷን ገደሏት።»

ተሳስተሻል ሊላት ነበር። ግን የስፖርት መምህሩም የሒሳብ መምህሩም ያንኑ ተናገሩ። ቤቱ ገብቶ ያንን አሥር ደቂቃ ደግሞ ደጋግሞ አዳመጠው። ባቡሩ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ባቡሩ ይሄዳል። የሚሳፈር ሰው ኮቴ የለም። ለካ ያን ጊዜም ሰምቶት ነበር፤ ከራሱ ጆሮ ይልቅ እሷን አምኖ ነው።

ያን ጊዜ አራቱን ወር አሰበ። ሽፍቱን፣ ጉንፋኑን፣ ደስ ያለውን ድምፅ።

ቅዳሜ ጠዋት ከሰበታ ዓለም ገና፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከዚያም አስኮ እያለ ታክሲ እየቀያየረ ቡራዩ ደረሰ። ደወለላት። እየሮጠች መጣችና ክንዱን ይዛ አንድ ሻይ ቤት አስገባችው።

«ብቻህን መጣህ?»

«ጣቢ፣ ሰባተኛው ፊልም እንዴት ነው ያለቀው?»

ክንዱን ለቀቀችው።

«ያኔ ከእናትህ ቀብር መመለስህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አፌ እንቢ አለኝ። በኋላ ልነግርህ አስቤ አንደኛ ስታደርገው ጊዜ… እንዴት ልንገርህ?»

«እሺ። አሁን ደግሞ የእኛን ንገሪኝ። ሳታሳምሪ።»

ጣቢታ ማልቀስ ጀመረች። «ቀለበት አድርጌያለሁ። ኤልቃና ይባላል፤ የጸሎት ቤታችን ልጅ ነው፤ ሹፌር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«ቲቶ ነው?»

«ቲቶማ ከእምነታችን ውጪ አታገቢም አለ። ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ዓይን ሆነሽ መኖር ትችያለሽ ወይ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

በቲቶ ማሳበብ ትችል ነበር፤ እሱም ቢሆን ያንን መስማት ነበር የሚፈልገው። ግን ሳታሳምሪ ብሏታል።

«እችላለሁ ማለት አቃተኝ ኪዳኔ። እወድሃለሁ። ግን ፈራሁ።»

ኪዳነወልድ ሻዩን ፈልጎ አገኘው፤ አልጠጣውም። «ለምን አራት ወር አቆየሽኝ? ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስትጎዳ ማየት አልችልም።»

«አላየሽም እኮ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።»

ታክሲ ድረስ ሸኘችው። ረዳቱን «ወንድሜ፣ አስኮ አውርደህ የአየር ጤና ታክሲ ላይ አሳፍርልኝ» ብላ አደራ ስትል ሰማ። መኪናው እስኪነሳ ድረስ በመስኮቱ እጁን ይዛ ነበር።

ሠርጓ በተባለው ጊዜ ተደረገ። ኪዳነወልድ ተጠርቶ ነበር፤ አልሄደም። አሁን ከባሏ ጋር ሱሉልታ እንደምትኖር ኦቦ ለሚ ከሰው ሰምተው ነገሩት።

አሥራ ሁለተኛው ፊልም ሲወጣ ሉሲና ሁለቱ መምህራን ፊልሙን በፍላሽ ይዘው እሁድ ከሰዓት ቤቱ መጡ። ሉሲ ጎበዝ ተራኪ ሆነች፤ ፈጣን ናት፣ የምታየውን ሁሉ እንዳለ ትናገራለች፤ የሞተውን ሞተ ትላለች። ግማሽ ላይ ሲደርስ ኪዳነወልድ «እናንተ ጨርሱት፣ መጣሁ» ብሎ ወደ ግቢው ወጣ።

ኦቦ ለሚ የድንች ማሳቸውን ሊኮተኩቱ መቆፈሪያቸውን እየሳሉ ነበር።

«ፊልሙ አለቀ መምህር?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«ሉሲ እንደ ጣቢታ አታሳምርልኝም» አለና እንባው ወረደ። ኦቦ ለሚ መቆፈሪያውን አስቀመጡና «ኮቱ ልጄ፣ ታኢ፤ ና፣ ተቀመጥ» ብለው እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። ምን ሆንክ አላሉትም። ከውስጥ ተኩሱና የሉሲ ድምፅ ይሰማል፤ ኪዳነወልድ እንባውን ሳይጠርግ አዳመጠ።