የተበላሸ ቡላ

ካሳነሽ የዱቄቱን ጆንያ በአፉ ደፍታ አራገፈችው። የወረደው ብናኝ እፍኝ አይሞላም።

"አለቀ" አለች። "ከቀበሌ የተሰጠን ስንዴ ይኸው ነው። ለዘማቾቹ ገና ሁለት ቅርጫት ብስኩት ይቀረናል።"

ገነቴ በበርሜል ከተሠራው ምድጃዋ ፊት ተንበርክካ ፍሙን ትቆሰቁሳለች። ቀና አላለችም። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ የጠራችው ራሷ ናትና።

"እንግዲህ የቀረውን በእማማ ገነቴ ቡላ ነዋ" አለች ጵርስቅላ። ከተዳረች ዓመት ያልሞላት የጎረቤት ሙሽራ ናት፤ አፏ አያርፍም። "ማክሰኞ ስብሰባው ላይ ምን አሉ? የኔን የቡላ ብስኩት የቀመሰ ስንዴውን ለዶሮ ይበትናል አላሉም?"

ሴቶቹ ሳቁ። እውነት ነው፣ ብላለች። ታዲያ ምን ታድርግ? ካሳነሽ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆንኩ ብላ ብስኩት እንዲህ ይቦካል፣ እንዲህ ይጋገራል እያለች ሰው ሰብስባ ስታስተምር ገነቴ አፏን ዘግታ ትስማ? ገነቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን በሚሲዮኗ ነርስ ወጥ ቤት ብስኩት ስትጋግር ካሳነሽ ገና ንፍጧን መጥረግ አልለመደችም ነበር። እዚያ ስብሰባ ላይ ያቺን አንዲት ቃል ውጣ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬ ሌላ ቀን ይሆን ነበር። ምላስ ባለቤቱን ያርዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

"የቡላውን ጉድጓድ ልክፈተው?" አለች ጵርስቅላ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ከጓሮ ያለው ትልቁ አይደል?"

ገነቴ መቆስቆሻውን ፍሙ ውስጥ ሰክታ ተወችው።

ከጓሮ ባለው ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ቡላ የለም። ማርቆስ ነው ያለው።

ማርቆስ የሟች ልጇ ልጅ ነው፤ እሷው ናት ያሳደገችው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ደረሰ ማለት ነው። ለጠየቃት ሁሉ "ወንጂ፣ ሸንኮራ ቆረጣ ሄዷል" ትላለች። አብዮት ጠባቂዎቹ አላመኗትም። ሁለቴ መጥተው ኮርኒሱን በሳንጃ ወጉ፣ አልጋዋን ገለበጡ፣ የላሟን ግርግም ሳይቀር በተኑ። ጓሮ ሲደርሱ ግን የቆጮውን ጉድጓድ ከሩቅ አይተው ተመለሱ። በሐድያ አገር ወንድ ወደ ቆጮ ጉድጓድ አይጠጋም። የሴት ሥራ ነው፤ ቢጠጋ ነውሩ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ጠመንጃ ያነገተም ቢሆን የእናቱ ልጅ ነው።

ገነቴ ይህን አስልታ ነው ቆጮዋን ከነቡላው አስጭና ፎንቆ ላለች እህቷ የላከችው። ሰው በመጣ ቁጥር ማርቆስ ባዶው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይኮረመታል። በላዩ ሳንቃ፣ በሳንቃው ላይ ኮባ፣ በኮባው ላይ ድንጋይ። የሚተነፍሰው በኮባው ሥር በተሸጎጠ ቀርከሃ ነው።

ከወንድ ዓይን የሚሰውር ጉድጓድ ነው። ከሴት አይሰውርም። ዛሬ ደግሞ ግቢው ሴት ብቻ ነው። ዘማቾቹ ከቀትር በኋላ ይጫናሉ፤ ማኅበሩ ስንቅ ያሰናዳ ተብሏል፤ የብስኩት ምድጃ ያለው ደግሞ በገነቴ ግቢ ብቻ ነው። እንቢ ብትል "ለምን?" ይመጣል። ከ"ለምን" በኋላ ምን እንደሚመጣ ሆሳዕና ውስጥ የማያውቅ የለም።

"ጉድጓድ በቀኑ ነው የሚከፈተው" አለች። "ዛሬ ቀኑ አይደለም።"

"ለእናት አገር ጥሪ ቀን አይመረጥም፣ ጓዲት ገነቴ" አለች ካሳነሽ።

"ጓዲት ያልሽው እኔን ነው? እናትሽ እንኳን እትዬ ነበር የምትለኝ።"

"እሺ፣ እትዬ። ቡላውን ግን እናውጣ።"

ጵርስቅላ ከሊጥ መዳመጫው ላይ ቀና አለች። ካሳነሽ ከወተት ቆርቆሮ አስቆርጣ ባመጣችው የኮከብ ቅርጽ ሊጡን እየቀረጸች፣ ጠርዙን በማበጠሪያ እየወጋጋች፣ መሐሉን በእንዝርት ጫፍ እየነቆረች ስትደረድር ነው ያረፈደችው። ሲሰለቻት ከትርፍራፊው ሰው ሠራች፤ ሁለት የኑግ ፍሬ ዓይን፣ አንድ የሱፍ ፍሬ አፍንጫ።

"ይኼ ባሌ ነው" አለች። "አፍ አላበጀሁለትም። እንዲህ ይሻለዋል።"

ሁሉም ሲስቅ ወርቅነሽ አልሳቀችም። ወርቅነሽ የገነቴ የአጥር ተጋሪ ናት። ልጇ ፋንታሁን ከማርቆስ ጋር አንድ ገበታ በልቶ፣ አንድ ወንዝ ዋኝቶ ያደገ ነው። ባለፈው ሳምንት ከገበያ አፍሰውት፣ አሁን ቀድሞ ቸርች በነበረው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተዘግቶበት መኪና ይጠብቃል። ከጠዋት ጀምሮ በየኮከቡ ጫፍ የኑግ ፍሬ ትለጥፋለች። ስንት ቃል እንደተነፈሰች ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃል።

"ማርቆስ ከወንጂ ወሬ ላከ?" አለች፣ ዓይኗን ከብስኩቱ ሳታነሳ።

"ሸንኮራ የሚቆርጥ ሰው ወሬ መላኪያ ጊዜ የለውም።"

"ደግ ነው" አለች ወርቅነሽ። "ሸንኮራ ይሻላል።"

ገነቴ ይህን በምን እንደምትተረጉመው ጨነቃት። ምርቃት ይሁን እርግማን አልለየላትም። በዚያው ቅጽበት ከጓሮ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ የታፈነ።

እጇ ቀድሟት የምድጃውን ክዳን በብረት መታው። ጓ አለ።

"ምንድነው ያ?" አለች ካሳነሽ።

"ላሟ ናት። ጉሮሮዋን ከያዛት ሰነበተ።"

"እንደ ሰው ነው የምታስለው" አለች ጵርስቅላ።

"ከሰው ጋር ነዋ የኖረችው። አንቺስ እንደ ዶሮ ስትንጫጪ ማን ጠየቀሽ?"

ሳቁ እንደገና ተነሳ።  ጌታ ሆይ፣ ጉሮሮውን ያዝልኝ አለች ገነቴ በልቧ።

"በሉ ጊዜ አናጥፋ" አለች ካሳነሽ። "ጵርስቅላ፣ ድንጋዩን አንሺ። እኔ መጣሁ።"

ጵርስቅላ እየዘለለች ጓሮውን ያዘች። ኮባው እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ሄደች። ገነቴ አፏን ከፈተች። በዕድሜዋ ምላሷ ከድቷት አያውቅም፤ ዛሬ እንደ ደረቅ ቁርበት ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። በግድ አላቀቀችው።

"ተመለሺ። አትድከሚ። ትናንት ከፍቼ ያወጣሁት አለ።"

ወደ ግርግሙ ሄደች። እዚያ በአሮጌ ገበቴ ውስጥ፣ ጉድጓዱን ስታጸዳ ከዳር ከዳሩ ፍቃ ያወጣችው ቡላ ለላሟ ተቀምጧል። የማንም ሴት ጉድጓድ ዳር ዳሩ ይሻግታል። ጎበዟ የምትታወቀው ያንን ለይታ በመጣሏ ነው። ገነቴ ያንን ስትጥል ኖራለች። አሁን ገበቴውን በሁለት እጇ ይዛ እንግዳ ፊት አቀረበችው።

በደንብ አሸችው። ማር አበዛችበት፤ ቅቤ ለገሰችበት። ካላማረ አያነሱትም፤ ማር ማር ካልሸተተም አይነክሱትም፤ ካልነከሱት ደግሞ ጉድጓዱን መክፈታቸው አይቀርም። ስለዚህ በዕለቱ ከተሠራው ሁሉ አሳመረችው። ኮከቡን ቀረጸች፣ በላዩ የእንቁላል አስኳል ቀባች፣ ጫፉን በሹካ ሸነሸነች፣ መሐሉ ላይ የሱፍ ፍሬ እንደ አበባ ደረደረች። 

ብስኩቱ እንደ ወርቅ ቀልቶ ወጣ። ጵርስቅላ ሳይበርድ አንዱን አንስታ ነከሰች። ማኘኳን አቆመች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ወደ አጥሩ ሮጣ ተፋችው።

"እማማ፣ ይኼ ምንድነው?"

ካሳነሽም ቆረሰች። እሷ አልሮጠችም፤ በመሐረቧ ተቀብላ አጠፈችው። "ይህን ለዘማች? ሠራዊቱን መረዛችሁ ሊሉን ነው እኮ።" ዝቅ ብላ ገነቴን አየቻት። "እትዬ፣ ጉድጓዱ በሙሉ እንዲህ ነው?"

ጉድጓዷ የሸተተ ሴት ምን እንደምትባል ገነቴ አሳምራ ታውቃለች፤ ራሷ ሌሎችን ስትል ኖራለች። ጊምቢቹ ያለችውን አክስቷን ሳይቀር በዚህ አዋርዳለች፤ አክስቲቱ ሁለተኛ ደጇን አልረገጠችም። እናቷ ስትሞት ያወረሰቻት እንሰቱንና "እጇ አይበላሽም" የሚለውን ስም ነው። ከዚህ ሌላ ያላት የለም።

"በሙሉ" አለች። "ውኃ ገባበት። እስከ ታች ሸቷል።"

ሴቶቹ ዓይናቸውን ሰበሩ። ከስድብ የሚከፋው ይኸው ነው።

"እስቲ ልየው" አለች ካሳነሽ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጓሮው ሄዳ።

"እይው። ክዳኑን ስታነሺው ግን ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ይኼ የደረደራችሁት ብስኩት ቅቤ አለበት፤ ቅቤ ሽታ ይስባል። ከዚያ ለአውራጃው ሰዎች አንቺው አስረጂያቸው።"

ካሳነሽ ቆመች። በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ቅርጫቶች አየች። ከጓሮው ነፋስ መጣ፤ የገበቴው ሽታ ይሁን የሌላ፣ አፍንጫዋን ያዘች።

"ተዪው፣ ይቅር" አለች። ድምፅዋ ለሰለሰ፤ ልስላሴው እንደ ጥፊ ነበር። "አይዞዎት እትዬ፣ እርጅና ነው። ቅዳሜ ማኅበሩ ብቅ ይበሉ፤ የቡላ አያያዝ እናስተምርዎታለን።"

ጵርስቅላ መልሱን ልትሰማ የያዘችውን ቅርጫት አስቀመጠች።

"እሺ" አለች ገነቴ። "እመጣለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ቅርጫቶቹን ተሸክመው ወጡ። ጵርስቅላ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ከዚያ በፊት አይታት እንደማታውቅ ሁሉ አየቻት።

ወርቅነሽ አልወጣችም። መጥረጊያ ይዛ የፈሰሰውን ኑግ ጠረገች። ጠርጋ ጨረሰችና ጉልቻው ላይ ተቀመጠች። ከተበላሸው ብስኩት አንዱ በእጇ ነው፤ ጫፉ ተነክሷል። ስትተፋ ማንም አላያትም።

"ገነቴ" አለች። "ከዚህ አጥር ማዶ ከመጣሁ ጀምሮ ቡላሽን ስበላ ኖሬያለሁ።"

ገነቴ ፍሙን ቆሰቆሰች።

"ፋንታሁን መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው አሉ። ያንቺን የቡላ ብስኩት ይወዳል። ጥርስ ሳያበቅል ከእጅሽ የለመደው ነው።"

"ተበላሽቷል ስል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

 ወርቅነሽ ወደ ጓሮው አልተመለከተችም። የምታየው የገዛ እጇን ነው፤ ጥፍሯ ሥር የኑግ ፍሬ ተሰንቅሯል።

ከቆጡ ላይ በደረቅ ኮባ የተጠቀለለ ነጭ ቡላ አለ። ለማርቆስ ገንፎ ያተረፈችው ነው። እሱን ካወረደች ጉድጓዱ አለመበላሸቱን በአንደበቷ የመናዘዝ ያህል ነው። ያልተበላሸ ጉድጓድ ለምን ተሸፍኖ ቀረ? ይህን ለማሰብ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ልጇን የወሰዱባት ሴት የጎረቤቷ ልጅ ሲቀር ምን ታደርጋለች? ገነቴ ራሷን በወርቅነሽ ቦታ አስቀምጣ አየች፤ ያየችው ነገር ይበልጥ አስፈራት። የለኝም ብላ ብታሰናብታትስ? ወርቅነሽ ፋንታሁንን የምትሸኘው አዳራሹ ደጅ ነው፣ አብዮት ጠባቂዎቹ ፊት፣ ባዶ እጇንና የሆዷን በሆዷ ይዛ።

ከጓሮው ድምፅ የለም። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ይሆናል።

ገነቴ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች። ከቆጡ አወረደችና ኮባውን ወርቅነሽ ፊት ፈታችው። ቡላው ነጭ ነው፤ ደረቅ፣ ሽታ የሌለው። ወርቅነሽ አየችው፤ በጣቷ ጫፍ ነካችው።

ገነቴ ማርና ቅቤ ጨምራ ለወሰች። ሊጡ ሲሰባሰብ የቆርቆሮውን ኮከብ አነሳች።

"ኮከብ አይሁን" አለች ወርቅነሽ።

"ምን ይሁን?"

"በሬ። ድሮ ለሁለቱ ልጆች እንደምትሠሪላቸው።"

ገነቴ ቆርቆሮውን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ፣ ወርቅነሽ እያየቻት፣ ሊጡን ለሁለት በሬ ከፈለችው።