የነጩ አበባ ዘር

አክስቴ በችግኝ ቤቷ ውስጥ ሁለት ፍጡር ማየት አትወድም ነበር፤ ንብንና እናቴን። ንብ ከየትም የለቃቀመችውን ብናኝ አምጥታ የነጩን አበባ ዘር ታበላሽባታለች። እናቴ ደግሞ፣ በእሷ አባባል፣ ወንድሟን አበላሽታባታለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከችግኝ ቤቱ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል የምንኖረው በእኔ ጉልበት ነበር።

አክስቴ ነጩን አበባ ከአባቷ ከወረሰች ጀምሮ ከሌላ ጋር አዳቅላው አታውቅም። እንቡጡ ሳይፈካ የወረቀት ከረጢት እናለብሰዋለን፤ ሲፈካ የገዛ ብናኙን በቀጭን ብሩሽ ለራሱ ቀብተን መልሰን እናስረዋለን። ንጣቱ አልጎደለም። ጉልበቱ ግን ከትውልድ ትውልድ እያለቀ ሄዶ ዘሩ ግማሹ አይበቅልም፤ የበቀለውም አንገቱን መሸከም ያቅተዋል።

"ዘንድሮ ካልያዘ ቤቱን እዘጋለሁ" አለችኝ። "አንቺም መጤዋን እናትሽን ይዘሽ መንገድሽን ትፈልጊያለሽ።"

"እትዬ፣ ከሌላ ዘር ትንሽ ብናዳቅለውስ?"

"አዳቅለን አየን እኮ! ይኸው አንቺ ወጣሽ።"

እናቴ ከአጥሩ ውጭ በጣሳ የምታሳድጋት፣ መሃል ጉሮሮዋ ቀይ የሆነች የመንገድ ዳር አበባ ነበረቻት። ከጥቂቶቹ በቀር የነጮቹን ብናኝ ሳይበስል በመቆንጠጫ ለቀምኩና በብሩሼ የቀይዋን ብናኝ ቀባኋቸው። ከረጢቱንም እንደ ጨዋ ልጅ አሰርኩ። ዘሩ ሲደርስ ዘራሁት፤ ትንሽ ብቻ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩ።

ችግኙ እንደ ጉድ ወጣ። አክስቴ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ጠራቻት።

"ነይ እስቲ፣ ንጹሕ ዘር ምን እንደሚመስል እዪ!"

እናቴ ፀጉራሙን ቅጠል ዳበስ አደረገችው። የራሷን አበባ ቅጠል አወቀችው። ቀና ብላ አየችኝና "ደስ ይላል" ብቻ አለች።

ደስታው እስኪፈኩ ድረስ ነበር። ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም ጉሮሮ ቀይ ሆኖ ወጣ። አክስቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እናቴን አስጠርታ "ያንቺ ናቸው፤ አንቺው ንቀያቸው" አለቻት። እናቴ ተንበርክካ ነቀለች። ሥራቸው ጠንካራ ስለነበር እያንዳንዱ የያዘውን አፈር ተሸክሞ ነው የወጣው። ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ጣሳም አክስቴ ከነአበባዋ በእግሯ ጨፈለቀቻት።

"ዘር ከልጓም ይስባል" አለች፣ እኔን እያየች።

በመደቡ ላይ አንገታቸውን የደፉ ጥቂት ነጮች ቀሩ። እነሱን ውሃ ስታጠጣ እኛ ዕቃችንን ይዘን ወጣን።

ነጮቹ አንድ ፍሬ ሳይሰጡ አለቁ። አክስቴን ጭቃ በያዘ ጫማዋ በተከራየናት ክፍል በር ላይ ቆማ ያገኘኋት ያኔ ነው። ከስታለች።

"ልጄ፣ ከዚያ ከቀዩ ዘር አስቀርተሽ ከሆነ... የአባቴ አበባ ግማሹ እሱ ውስጥ አለ።"

ልጄ ብላኝ አታውቅም። የሻሼን ቋጠሮ ስፈታ ፊቷ በራ። እናቴም ከአልጋዋ ቀና አለች፤ የእሷም አበባ የተረፈው እዚያች ቋጠሮ ውስጥ ብቻ ነበር። እኔ ግን በሐሳቤ የማየው እናቴ የተንበረከከችበትን መደብ ነው። ዘሩን ከሰል ምድጃው ላይ በተንኩት። እንደ ሰሊጥ ተንጣጣ።

አክስቴ ዞራ ሄደች። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

"ዘር ከልጓም ይስባል" አለች እናቴ። አክስቴ ከወጣችበት በር ዓይኗን መልሳ የምታየው እኔን ነበር።