እግር ከላይ፣ መቀመጫ ከታች

የቤተሰባችን ድርጅት የቢሮ ዕቃ ይሠራል፤ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ የፋይል ቁምሣጥን። የሚሠራበት ሕንፃ ግን ድርጅቱን በዕድሜ ይበልጠዋል። አያቴ ሲገዙት የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው የርግብ መንደር። አይጦቹን አባረው፣ መጋዛቸውን ተክለው፣ የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ለጎረቤት ጠበቃ ሠሩ። «በኔ ጠረጴዛ ስንት ባልና ሚስት ተፋታ!» እያሉ ይስቁ ነበር አሉ። እኔ አልደረስኩባቸውም።

እኔ ቢሮ ውስጥ ሥራ ስጀምር ሕንፃው ለሁለት አጎቶቼ ተከፍሎ ነበር። ታላቁ ላይኛው ፎቅ ላይ ብረት ይበይዳል፤ ታናሹ ምድር ቤት እንጨት ይልጋል። ሠራተኞቹ አንዱን ጋሽ ብረቱ፣ ሌላውን ጋሽ ጣውላ ይሏቸዋል። ሁለቱ አይነጋገሩም። የታወቅንበት ወንበር ደግሞ እግሩ ብረት፣ መቀመጫው እንጨት ነው። ስለዚህ እግር ከላይ ይወርዳል፣ መቀመጫ ከታች ይወጣል፣ የደረጃው ማረፊያ ላይ እናቴ ትገጣጥማቸዋለች። እናቴ የሁለቱ መካከለኛ ናት፤ በዕድሜም፣ በቦታም፣ በመልእክትም።

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ የላከው ጣውላ ገና አልደረቀም!» ይላል ታላቁ፣ ድምፁ ሕንፃውን እየሞላ።

«ሰምቷል በይልኝ!» ይላል ታናሹ ከታች።

ያኮራረፋቸው ይኸው ሕንፃ ነው። ታላቁ፣ ሕንፃው ተሽጦ ከከተማ ወጣ ብለን አዲስ አዳራሽ እንሥራ አለ። ታናሹ የአባቴን ቤት አልሸጥም አለ፤ ወንድሙንም ስግብግብ ብሎ ሰደበው። ታላቁ ግትር ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ በመሀላቸው የሚመላለሰው የእናቴ እግር ብቻ ሆነ።

አንድ ጊዜ ፍርድ ቤት ወንበር አዘዘን። ታናሹ አጎቴ፣ ዳኛ ሲቀመጥ ውሎ ነው የሚነሳው ብሎ መቀመጫውን ሰፋ አደረገው። ከዚያ እናቴን ጠራትና «እታለም፣ ውጪና ለዚያ ሰውዬ መቀመጫውን አስፍቼዋለሁ በይው» አላት። እናቴ ገና ከላይ መውረዷ ነበር፤ ጉልበቷን እያሸች ተቀምጣለች። መዶሻዋን አስቀመጠች።

«ሁለታችሁም አፍ አላችሁ» አለች። «እኔ ግን ጉልበት አለቀብኝ።»

ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤቷ ሄደች። የመቀመጫው ነገር ለታላቁ ሳይነገር ቀረ።

በማግስቱ ማረፊያው ላይ እግርና መቀመጫ ተቆለለ። እኔው ልግጠም ብዬ ብሎን ይዤ ቀረብኩ፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ አልገናኝ አለ። ወሬው ወዲያው ላይም ታችም ደረሰ። ታላቁ አጎቴ አንድ እግር ይዞ ወረደ፤ ታናሹ አንድ መቀመጫ ይዞ ወጣ። ሠራተኛው ሁሉ ለመስማት ማሽኑን አጠፋ።

«ቀዳዳው የት ነው?» አለ ታላቁ። በልማድ እኔን የላከኝ መስሎኝ ዞር ልል ስል፣ ዓይኑ ወንድሙ ላይ ነው።

«ፈቀቅ ብሏል፤ መቀመጫውን አስፍቼዋለሁ» አለ ታናሹ።

«ሳትነግረኝ?»

«በማን በኩል?»

ታላቁ አጎቴን ሳቅ ሊያመልጠው ነበር፤ ዋጠው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ታናሹ ግን ቆሞ ቀረ፤ መቀመጫውን እንደ ትሪ ደረቱ ላይ ይዞ።

«ወንድም ጋሼ» አለው በቀስታ፣ «ይህ ቤት ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የጠላኸው?»

ታላቁ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየ። ላይኛው ፎቅ ግድግዳው ላይ ወደ ባዶ አየር የሚከፈት በር አለ፤ ድሮ እህል በገመድ የሚሳብበት። አያቴ የሞቱት ከዚያ ወድቀው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«አጠገቡ እኔ ነበርኩ» አለ። «ጠረጴዛ በገመድ እያወረድን ነው። ገመዱ ሲበጠስ አባባ ሊይዘው ዘንበል አለ። እጅጌውን ያዝኩት። እጅጌው እጄ ላይ ቀረ።»

ታናሹ አንድ እርምጃ ቀረበው።

«ታዲያ ላዩን ለምን መረጥክ?»

«አንተ እዚያ በር አጠገብ እንዳትውል ነዋ። ገና ልጅ ነበርክ።»

ታናሹ አጎቴ መቀመጫውን መሬት አስቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ ሲጠርግ ጉንጩ ላይ የመጋዝ ብናኝ ቀረ።

«በቃ ውረድ» አለ። «እኔ እወጣለሁ።»

«ከነማሽንህ?»

«የማሽኔን ነገር ለኔ ተወው። ደግሞም ብረት የምድር ቤት ዕቃ ነው፤ ያ ወለል እስከ ዛሬ አንተን የቻለው ጨዋ ስለሆነ ነው።»

በዚያው ሳምንት ፎቅና ምድር ቤት ተቀያየሩ። የብረቱ ማሽን ሲወርድ ደረጃው እንደ ሕመምተኛ አቃሰተ። ያንን በር ግንበኛ መጥቶ ወገቡ ድረስ በድንጋይ ሞላው፤ የቀረው መስኮት ሆነ።

ከታናሹ አጎቴ ጋር ልንነግራት እናቴ ዘንድ ሄድን። ጉልበቷ ላይ የሞቀ ጨርቅ አድርጋ ተቀምጣለች። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እኔም ታች ግቢው ውስጥ ነበርኩ» አለች። «ገመዱን ልፈታ ቆሜ።»

«እታለም! ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

«የናንተን ሳመላልስ ኖርኩ። የኔን ማን ጠየቀኝ?»

አጎቴ የቀዘቀዘውን ጨርቅ አነሳ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ጨመቀው፣ መልሶ ጉልበቷ ላይ አደረገላት።

እናቴ ወደ ሥራ ተመለሰች፤ ግን ደረጃ ላይ አልሠራም ብላ ምድር ቤት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል አስለቀቀች። ሕንፃው አልተሸጠም። ሥራው ሲሰፋ አዲሱ አዳራሽም ተሠራ፤ አሮጌው የጥገናና የማሳያ ቤት ሆነ። አጎቶቼ ስለ ቀለም፣ ስለ ብሎን፣ ስለ ሁሉም ነገር ተጨቃጨቁ፤ ያለ መልእክተኛ።

ታላቁ ግን ዳግመኛ ፎቅ አልወጣም። «መስኮቱን እንኳ መጥተህ እየው» ይለው ነበር ታናሹ፤ «ሌላ ቀን» ይለዋል። በኋላ በኋላ ታናሹ መጠየቁን ተወ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ምግቡን ይዞ እሱው ይወርዳል፤ በብየዳ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አብረው ይበላሉ።