ባልሰለጠነ እጅ

ካርዱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ቁጥር አሥራ አንድ። የውጭ ፋብሪካ ሥራ። ዕድሜ፦ ሃምሳ ዓመት። በኋላ ባልሰለጠነ እጅ በጨርቅ ተጠግኖ የተበላሸ።»

ከካርዱ በላይ የቆመው ጊታር የአባቴ ሥራ ነው። ከመቃኛ ቁልፎቹና ከክሮቹ በቀር እያንዳንዱን ቁራጭ የሰነጠቀው፣ የላገው፣ በእንፋሎት ያጎበጠው እሱ ነው።

አዳራሹ የቀጠረኝ በማግሥቱ ለሚከፈተው የአሮጌ ጊታሮች ትርኢት የሃያ ሁለቱንም ክር እንድቀይር ነበር። አሥሩን ጨርሼ አሥራ አንደኛውን ሳነሣ ከዓይኔ በፊት እጄ አወቀው። አባቴ ጊታር ሲሠራ፣ አንገቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አውራ ጣት የምታርፍበት ትንሽ ጎድጓዳ ይተው ነበር። አውራ ጣቴ ሳልፈልጋት ራሷ ገባች።

ባልሰለጠነ እጅ! የሁለት ሚሊሜትር ጣውላ ጆሮው ላይ አስጠግቶ በጣቱ እያንኳኳ፣ «ገና ነው፣ አልተናገረም» እያለ መልሶ የሚልግ ሰው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መልስ መስጠት አይችልም።

የጊታሮቹን ዕድሜ የገመቱት ከሩቅ የተጋበዙ ባለሙያ ናቸው። አንገታቸው ላይ አጉሊ መነጽር ያንጠለጥላሉ። ጠጋ ብዬ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ስህተት ያለ ይመስለኛል» አልኳቸው።

«ክሩ ላይ?»

«ካርዱ ላይ።»

ፈገግ አሉ። «እህቴ፣ እኔ ክር አልቀይርም፤ አንቺም ዕድሜ አትገምቺም። ተስማማን?» ባትሪያቸውን በድምፅ ቀዳዳው በኩል አበሩ። ሆዱ ውስጥ የተለጠፈው መለያ ወረቀት ላይ የፋብሪካው ማኅተምና ቁጥር ታየ። «ይህ ቁጥር መዝገብ አለው። ዓመቱም አለ። ጎኖቹ ላይ የሚታየው ጨርቅ ደግሞ የሆነ ሰው ስንጥቅ ሊደፍን የለጠፈው ነው። ይህ ፋብሪካ ጨርቅ የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም።»

ወረቀቱን ግን ከእሳቸው በላይ አውቀዋለሁ።

አባቴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረው። መጠገን የማይቻል የውጭ ጊታር እጁ ሲገባ መለያውን በውኃ አርሶ ይልጠዋል፣ መስታወት ላይ ያደርቀዋል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የራሱን ጊታር ሲጨርስ አንዱን ይለጥፍበታል። ያለዚያ የሚገዛው አልነበረም። በራሱ ስም የሠራውን የመጀመሪያ ጊታር ይዞ ሙዚቀኞች ዘንድ ሲሄድ፣ «ከወንበር የተረፈ እንጨት ነው?» ብለው ሳቁበት። ወረቀት የለጠፈበትን ሲሰጣቸው ያው ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አቤት የውጭ ዕቃ!» አሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

ታዲያ ምን ልበል? የአባቴ ሥራ ነው ካልኩ፣ አባቴ አታሏል ማለቴ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ ካርዱ እንደዚያው ይቆማል፤ ነገ ሕዝብ ያነበዋል። ጨርቁን ግን እማዬ ታውቀው ይሆናል። ባለሙያው ምሳ ሲወጡ የጊታር ሆድ የማይበትን የጥርስ ሐኪም መስታወት በቀዳዳው አስገብቼ ጨርቁን በስልኬ ፎቶ አነሣሁትና ወደ ቤት ሄድኩ።

እማዬ ልብስ ታሰጣ ነበር። «ይሄን ጨርቅ ታውቂዋለሽ?» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች። ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ቅጠል።

«ቀሚሴ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴት አልሆንም? አንቺን ሳረግዝ ጠበበኝና ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት። ወልጄ ስነሣ የለም። አባትሽ ብል በላው አለኝ! ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ብሉን ስረግም ኖርኩ!» የልብስ መቆንጠጫውን ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። «ቀበቶውን እኮ ትቶልኝ ነበር። ቀሚስ በልቶ ቀበቶ የሚተው ብል የት አገር አለ? እኔ ሞኟ አመንኩት።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ካርዱ ላይ ያለውን ስነግራት የሁለታችንም ሳቅ ጠፋ።

«ምን ዓይነት እጅ?»

«ያልሰለጠነ።»

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገች። «ጫማዬን አምጪልኝ» አለች።

አዳራሹ ስንደርስ ባለሙያውና የአዳራሹ ኃላፊ ካርዶቹን እያስተካከሉ ነበር። እማዬ ሰላምታዋን አሳጥራ ከቦርሳዋ ቀበቶውንና አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። ፎቶው የታናሽ እህቷ ሠርግ ነው፤ ያንን ቀሚስ ለብሳ ሙሽራዋ አጠገብ ቆማለች። ጀርባው ላይ ዓመቱ በቀለም ተጽፏል፤ እኔ ከመወለዴ አንድ ዓመት በፊት ነው።

ባለሙያው ቀበቶውን ከጨርቁ ጋር በመስታወት አስተያዩ። «እናቴ፣ ጨርቁ የእርስዎ ሊሆን ይችላል» አሉ በትዕግሥት። «ያ የሚያሳየው ባለቤትዎ እንደጠገኑት ነው። እኔም ተጠግኗል ነው ያልኩት።»

እዚህ ላይ ነው ድምፄ የወጣው። «ጫፉን ይዩት» አልኩ። «ጨርቁ ጎኑ ላይ ብቻ አያልቅም። በጎኑና ጎኑን ከጀርባው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ መካከል ይገባል። ጀርባው አንዴ ከተዘጋ በኋላ እዚያ ጨርቅ የሚያስገባ እጅ የለም።»

«ጀርባው ተነሥቶ ከሆነስ?»

«ዘንጉ ራሱ መነቀል ነበረበት። ኮላው የአንድ ጊዜ ነው፤ ድርብ መስመር የለውም። ጨርቁን ያስገባው እንግዲህ ጊታሩን የሠራው ሰው ነው፤ ፋብሪካው ጨርቅ ነክቶ አያውቅም ያሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

መስታወቱን እንደገና አስገብተው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ጆሮዎቻቸው ቀልተው ነበር።

«ታዲያ መለያው ከየት መጣ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያቸው» አለች። ስለ ቆርቆሮው፣ መለያዎቹን በውኃ አርሶ ስለ መላጡ፣ መስታወት ላይ ስለ ማድረቁ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አጭበርባሪ ነበሩ» አሉ ባለሙያው፣ መጽናኛ እንዳገኘ ሰው። «እሱን ልጻፍ?»

ኃላፊዋ በመሃል ገባች። «ለምን ዝም ብለን ከትርኢቱ አናወጣውም? ለእናንተም ለስማችሁ ይሻላል።»

«ማን ነው የሚያወጣው?» አለች እማዬ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቷም እዚያው ላይ አበቃ። «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን አየህና ፋብሪካ አልክ፤ ጨርቁን አየህና ያልሰለጠነ አልክ። ሁለቱንም የለጠፈው አንድ እጅ ነው! በራሱ ስም ሲመጣ ሳቃችሁበት፣ በሰው ስም ሲመጣ አጨበጨባችሁለት፤ አሁን ደግሞ ለምን ዋሸ ትላለህ? አጭበርብሯል በል፤ ግድ የለኝም። ግን በስሙ በል! ስም የሌለው ያልሰለጠነ እጅ እያልክ አትለፈው።»

አዳራሹ ውስጥ ካርድ የሚለጥፉት ሠራተኞች እጃቸውን አቁመው ያያሉ። እማዬ ቀበቶዋን ጨብጣ አልተነቃነቀችም።

ባለሙያው ካርዱን ከቦታው ነቅለው አጠፉት፤ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ይቅርታ አላሉም። ባዶ ካርድና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፉና፣ «ስማቸውን እስከ አያት ድረስ ጻፊው። ሁለተኛ ስህተት አልፈልግም» አሉ።

እስክሪብቶውን አንሥቼ መጻፍ ጀመርኩ። የአባቴን ስም እስከ አያቱ። ዓመቱን፦ የተወለድኩበትን። «በሠሪው የተለጠፈበት የፋብሪካ መለያ ከሌላ ጊታር ተልጦ የተወሰደ ነው» ብዬ ጻፍኩ። «የጎኖቹ ማጠናከሪያ ከሠሪው ባለቤት ቀሚስ የተቆረጠ ጨርቅ ነው።»

እማዬ በትከሻዬ በኩል መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አውርዳ ቃል በቃል አነበበች።

«ሁሉም ልክ ነው?» አልኳት።

«አንድ ቃል ጎድሏል» አለች። «ከ"ቀሚስ" ቀጥሎ "ሳያስፈቅድ" በይ።»