የማክሰኞው ሰላጣ

«ሰላጣው ነው! ስነግራችሁ፣ ሰላጣው ነው!»

ሬዲዮ ናት። የሦስተኛ ዓመት የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች እንዲህ ብለው የሚጠሯት አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። ማክሰኞ በግቢው ካፌ ምሳ ከበሉ በኋላ አርባ አንድ ተማሪዎች ሆዳቸውን ይዘው የኮሌጁን ክሊኒክ አጨናንቀውት ነበር። ረቡዕ ወሬው ተወለደ፣ ሐሙስ ዳዴ አለ፣ ዓርብ ዕለት ያለ ደጋፊ ይሮጥ ጀመር።

«ማን አለ?» አለቻት ከፊቷ የተቀመጠችው ልጅ።

ይቺኛዋ ደግሞ ቅጽል ስሟ ራሱ «ማን አለ» ነው። ዝናብ እየዘነበ ነው ቢሏት እንኳ መጀመሪያ ማን እንዳለ፣ ቀጥላም ስንት ሰው እንደተጠየቀ ማወቅ ትፈልጋለች።

«ሁሉም ነዋ የሚለው! አንቺ ደግሞ እሳት ሲያቃጥልሽም ማስረጃ ትጠይቂያለሽ።»

መምህሩ ክርክሩን ሰምተው ፈገግ አሉ። «እንግዲያው መጽሐፉን ዝጉት። ምን እንዳሳመማቸው አጥንታችሁ አምጡ፤ የተግባር ፈተናችሁ ይኸው ነው» አሉና «ማን አለ»ን የቡድን መሪ አደረጓት።

ልጅቷ ደስታዋን ለመደበቅ ከንፈሯን ነከሰች። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። እናቷ ስትሞት ወስዳ ያሳደገቻት አክስቷ በዚያው በተማሪዎቹ ካፌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አትክልት ስትከትፍ የኖረች ሴት ናት። የልጅቷ ደብተር፣ ጫማ፣ መነጽር፣ ሁሉም ከዚያ ቢላዋ ሥር የወጣ ነው። ጥፋቱ የሰላጣው ነው ከተባለ ማን እንደሚባረር ለማወቅ ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም።

ያን ዕለት ቤት ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ሕግ አወጀች።

«እትዬ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ስለ ካፌው አንዲት ቃል እንዳትነግሪኝ። ለአክስቷ አደላች እንዲሉኝ አልፈልግም።»

«እሺ። የማክሰኞውን ብቻ ግን...»

«እትዬ!»

«ኧረ ተይው፣ አፌን ዘጋሁ። የተማረ ሰው ጆሮም እንደ ቢሮ በቀጠሮ ነው ለካ የሚከፈተው!»

መጠይቁን አሳምራ ሠራችው። ካፌው በር ላይ ከተለጠፈው የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር የማክሰኞውን ረድፍ ቃል በቃል ገለበጠች፦ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዳቦ፣ ሰላጣ። ከየምግቡ ጎን «በልቻለሁ» እና «አልበላሁም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሰመረች። ከዚያ በየመኝታ ክፍሉ ከአልጋ አልጋ እየዞረች አርባ አንዱንም ጠየቀች። ሠላሳ ስምንቱ ሰላጣ በልተዋል። አንዱማ ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ሰላጣው ላይ ምልክት አድርጊልኝ፤ ሌላውን እንደ ፍጥርጥርሽ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ግራ ያጋባት የኮሌጁ ዘበኛ ነገር ነው። እሳቸውም ያን ዕለት ሲያስመልሳቸው ነው የዋሉት። ምሳቸውን ግን ከቤታቸው ቋጥረው ነው የሚመጡት፤ የካፌውን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

«ታዲያ እርስዎን ምን አሳመመዎት፣ ጋሼ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! የምትማሪው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን!»

ልጅቷ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። መጀመሪያው ገጽ ላይ በራሷ እጅ፣ «ታማሚ ማለት ማክሰኞ የታመመ የኮሌጁ ተማሪ ነው» የሚል ተጽፏል። ጋሼ ተማሪ አይደሉም። በንጹሕ ሕሊና ሰረዘቻቸው። ከቁጥሩ ወጡ፤ ከጭንቅላቷ ግን አልወጡም።

ሰኞ ጠዋት አስተዳዳሪው ኮሪደር ላይ አገኟት።

«ጥናቱ አለቀ ሲባል ሰማሁ። እስቲ እኔም ልየው።»

መምህሩ ገና አላዩትም ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ኮሌጅ የሚያስተዳድር ሰው የእሷን ወረቀት ቆሞ ሲለምን! እጇ ከሐሳቧ ቀደመና ሰጠቻቸው። ደረጃውን እየወረደች፣ ቁጥር እንኳን ለአክስት ለእናትም አያዳላም ብላ ራሷን አጽናናች፤ መጽናናቱ ግን እስከ ታችኛው ደረጃ እንኳ አልዘለቀላትም።

ከሰዓት በኋላ አክስቷ «በንጽሕና ጉድለት ምክንያት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሽርጧን አጥባ አሰጣች። ልጅቷም ሕጓን ራሷ ያወጀች ናትና ምን ብላ አፏን ትክፈት?

በማግስቱ መምህሩ ሪፖርቱን ክፍል ውስጥ አነበቡት።

«ጥሩ ነው። ካልታመሙትስ ስንቱ ሰላጣ በላ?»

«ያልታመሙትን... አልጠየቅንም፣ መምህር። ጤነኛ ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

«ታዲያ ሰላጣው እንዳሳመማቸው በምን አወቅሽ? አርባ አንዱም ጫማ አድርገው ነበር እኮ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሬዲዮ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አጠፋች።

ልጅቷ ረቡዕን ሙሉ ስትሮጥ ዋለች። ስልሳ ጤነኛ ጠየቀች፤ ሃምሳ ስድስቱ ሰላጣ በልተዋል። ሰንጠረዡን ሠራችው፣ አፈረሰችው፣ እንደገና ሠራችው። የታመመውም በልቷል፤ ያልታመመውም በልቷል፤ ያልበሉት ጋሼ ታመዋል። ውሃው ይሆን? የበሩ እጀታ? ባወቀች ቁጥር የምታውቀው እያነሰ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ ተጣርቶ ቀረ፦ አክስቷን ያስባረረው ወረቀት ምንም አያስረዳም።

ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ሰንጠረዥ ይዛ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባች።

«ያ ሪፖርት ስህተት ነው። ሰላጣው ስለመሆኑ አንዳች አያሳይም።»

«የማን ሪፖርት?»

«የእኔ።»

«ታዲያ የትኛዋን ልመን? የሰኞዋን ወይስ የሐሙሷን?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ለማንኛውም የካፌውን ሥራ በሙሉ ለአንድ ድርጅት ሰጥተናል። ትናንት ተፈራረምን፤ ሠራተኞቹን ራሱ ይዞ ነው የመጣው። ለፈተናሽ መልካም ዕድል።»

ቤት ስትደርስ አክስቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ያን አሮጌ ቢላዋዋን ትስላለች፤ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ እሷም አታውቀው። ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ አለችና ሕጓን አፈረሰች፤ ሪፖርቱን፣ ኮሪደሩን፣ አስተዳዳሪውን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ሰላጣ?» አለች አክስቷ መሳሉን አቁማ። «ደብዳቤው ንጽሕና ነው የሚለው። እኔ ጥፍሬን ያዩብኝ መስሎኝ ይኸው ሦስት ቀን ሙሉ ስፈትግ!»

«ተማሪዎቹ ሰላጣሽን በልተው ነው የታመሙት ተብሎ ነው፣ እትዬ።»

«የቱን ሰላጣ?»

«ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ የበሉትን ነዋ!»

አክስቷ የልጅቷን ፊት ትኩሳት እንዳለበት ሰው ትክ ብላ አየችው።

«ማን አለ?» አለቻት። «የዚያን ማክሰኞ እኮ የአትክልት መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። አንዲት ቅጠል አልገባችም፤ እጄን አጣጥፌ ነው የዋልኩት።»