ላማት ሳይነካው የሄደው ሊኑት

በሙካህ ወንዝ አፍ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት አየሩ ይተኛል። ጀልባው ይተኛል፣ ውሃው ይተኛል፣ የኔ ምግብ ቤት ብቻ አይተኛም። ያለኝ ሰባት ጠረጴዛ ነው፤ ቀትር ላይ ግን ሠላሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቦ ይበላል። ከዘንባባ ግንድ የምናወጣው የሳጎ ዱቄት ሲበስል እንፋሎቱ ፊታቸውን ስለሚሸፍነው፣ ከምድጃዬ ኋላ ሆኜ ሳያቸው ደመና ውስጥ የተቀመጡ ይመስለኛል። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ስምንቱንም ዓመት ከዚህ ደመና ወጥቼ አላውቅም ብል ውሸት አይሆንም።

ላማት ዓሣ አጥማጅ ነው። ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ እኔ ዘንድ፣ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ይበላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ጥርት ያለ የሳጎ ገንፎ፣ ሊኑቱን፣ በመብያው እንጨት እየጠመዘዘ፣ ቃሪያው ውስጥ እየነከረ በልቶ፣ “ጁሪያ፣ ተባረኪ” ብሎ ይሄዳል። ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔም ለሱ ሲሆን አፌ ይተሳሰራል። ለሌላው ግን ምላሴ ምላጭ ነው፤ ገበያው ይመስክር።

የዚያን ዕለት ቆረጥኩ። ለራሴ ምሳ ያዘጋጀሁትን ሊኑት፣ በሎሚ ከታሸ ጥሬ ዓሣ ጋር፣ በእናቴ ሳህን አድርጌ ይዤለት ወጣሁ። ከምድጃው ኋላ ወጥቼ ለሰው በእጄ ሳቀርብ የመጀመሪያዬ ነበር። ከራሴ ምሳ ነው፣ ቅመሰው አልኩት። ለኔ ይህ ብዙ ነገር ማለት ነበር።

እሱ ግን ለመሄድ ተነስቷል። ከባሕሩ የሞላው ውሃ ሊጎድል ነው፤ እሱና ጓደኞቹ ከዘገዩ ጀልባቸው አሸዋ ላይ ይቀራል። ልክ ያን ጊዜ እማማ ቲያክ፣ ከጎኑ ሲበሉ የነበሩት አሮጊት፣ ቃሪያ ጨምሪልኝ ብለው ቀሚሴን ጎተቱኝ። ዞሬ ጨምሬላቸው ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሳህኑ እንዳለ ነው።

እኛ ዘንድ የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ የሄደ ሰው መንገዱ አይቀናም። የቸኮለ ሰው እንኳ ጣቱን አስነክቶ ከንፈሩን ይነካል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። አጎቴ ቡጃንግ የቀረበለትን ሩዝ ንቆ ወንዝ ወርዶ ሦስት ጣቱን ለአዞ ሰጥቶ ተመለሰ። እኛን ያሳደገን ቀሪዎቹን ሰባቱን እያሳየ ነው። ላማት ደግሞ የሚሄደው ባሕር ነው።

እማማ ቲያክ ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

“ሳይነካው ሄደ” አሉ በቀስታ። “እንግዲህ ልጄ፣ ካልተከተልሽው እሱ አለቀለት። ከተከተልሽው ደግሞ አንቺ አለቀልሽ።”

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እውነታቸውን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሳህን ይዛ ወንድ ተከትላ ስትሮጥ ከታየች ምን እንደሚባል አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ወሬ ከማንም በላይ የማባዛው እኔው ነኛ።

ሳህኑን አንስቼ ወጣሁ።

ገበያውን እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም። የዓሣ ሻጮቹ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አልሰማም። ዝናቡ በዝግታ መንጠባጠብ ሲጀምር ሳህኑን በሽርጤ ሸፈንኩት። ወንዙና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው የት እንደሚለያዩ አይታወቅም፤ የላማት ጀልባ ሰማይ ላይ የቆመች ትመስል ነበር። ሳህኑ እጄ ላይ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ፈራሁ። ወሬውን አይደለም የፈራሁት። ያ በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

ጀልባዋ ገመዷን ፈትታለች። ስሙን ጠራሁ። ሞተሩን የያዘው ሰው አይቶኝ አጠፋው። ከነቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ውሃው ውስጥ ገብቼ ሳህኑን ዘረጋሁ።

“ንካው” አልኩት። “ከዚያ እንደፈለግህ ሂድ።”

ላማት ሳህኑን አላየም፤ እኔን ነው ያየው። ከዚያ ቀኝ እጁን አሳየኝ። ጣቱ ጫፍ ላይ ሊኑት ደርቆ ተጣብቋል። ሊኑት እንደሁ ጣት ላይ ሲጣበቅ ይውላል፤ ሳህኑ ላይ ግን ቢነኩትም መልሶ ይገጥማል፣ ምልክት አይተውም።

“ነክቼዋለሁ” አለ። “ቃሪያ ስትጨምሪላቸው። እማማ ቲያክ እያዩኝ።”

ጀልባው ላይ ያሉት ሦስቱ ሰዎች ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመሩ። ፊቴ ነደደ። ያቺን አሮጊት በቃሪያ ባጥናት ደስታዬ ነበር። ሳህኑንም እዚያው ወንዝ ውስጥ ልደፋው ነበር፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውሃው ሰዶ፣ መብላት ጀመረ።

ቀስ ብሎ በላ። ጓደኞቹ ውሃው ሄደ፣ ውሃው ሄደ አሉት፤ አልሰማቸውም። እኔም ንቅንቅ አላልኩም። ዝናቡ ወንዙ ላይ እንደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ባዶውን ሳህን ሲመልስልኝ፣ ጉልበቴ ላይ የነበረው ውሃ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወርዷል፤ ጀልባዋም አሸዋው ላይ ተቀምጣለች።

“እንግዲህ ዛሬ የትም አትሄድም” አልኩት።

“የት እሄዳለሁ” አለ።