አፍ ተዘግቶ የሚሳቅበት ፊልም

አባቴ የጥርስ ሐኪም ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ወልዳ እረፍት ላይ ስለሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ ወንበሯ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሥራዬ ስልክ ማንሳት፣ ካርድ ማውጣትና በመጠበቂያ ክፍሉ ቴሌቪዥን የመሰላሉን ፊልም ማስጀመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ቅሬታ እሠራለሁ።

የመሰላሉ ፊልም ስለ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤታሞች ነው። አንደኛው ለሌላኛው መሰላል አውሶታል፤ የተዋሰው አልመለሰም፤ ባለቤቱ ደግሞ መጠየቅ ያፍራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ባለመሰላሉ በየቀኑ ሰበብ እየፈለገ ይሄዳል። አንድ ቀን ሰዓት ለመጠየቅ፣ አንድ ቀን ጎረቤቱ ድመት እንደሌለው ረስቶ "ድመትህ እንዴት ናት?" ለማለት። ሻይ ይጠጣል፣ ግቢውን በዓይኑ ይቃኛል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማንም አይወድቅም፣ ማንም አይጮኽም። ሰማንያ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አርባ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ቀየርኩት። ሰው ከደረጃ የሚንከባለልበት፣ የቀለም ባልዲ ራስ ላይ የሚደፋበት ፊልም አመጣሁ። ያን ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ጥርሳቸውን ተነቅለው፣ ደሙ እስኪቆም ጥጥ ነክሰው ተቀምጠው ነበር። ባልዲው ሲደፋ ከት ብለው ሳቁ፤ ጥጡ ተስፈንጥሮ የቀጠሮ ደብተሬ ላይ አረፈ። ደሙም እንደገና ጀመረ። አባቴ አልተቆጣኝም። ጥጡን በመቆንጠጫ አነሳና "እዚህ ቤት የሚሳቀው አፍ ተዘግቶ ነው" አለኝ። መሰላሉ ተመለሰ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፤ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር። ስድሳ ሰው ጭኖ ገደል አፋፍ ላይ ከባድ መኪና ያሳልፋል። የጥርስ መርፌ ሲያይ ግን እግሬ አውጪኝ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ሸሽቷል፤ በሁለተኛው የደረቱን ጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳሰረ ነው አውቶቡሱን አስነስቶ የሄደው። አሁን እብጠቱ ከጉንጩ አልፎ ዓይኑ ሥር ደርሷል።

"ዛሬ ካልተነቀለ ነገ ሆስፒታል ነው የሚተኛው" አለኝ አባቴ። "እንዳታስመልጪው።"

አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

"አጎቴ፣ ጠጋ በል ወደ ውስጥ።"

"እዚህ አየር አለ።"

"እዚህ በር አለ ብትል ይሻላል።"

"አባትሽ መጀመሪያ ያንቺን ምላስ ያደንዝዘው።"

ፊልሙን አስጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መነጫነጭ ጀመረ። "ሰውዬው ምን ነክቶታል? የገዛ ንብረቱን! 'መሰላሌን አምጣ' ማለት ነው፤ አለቀ።"

"ያንተ ክሪክ የት ነው ያለው?"

ጎማ ሲቀይር መኪና የሚያነሳበትን ክሪክ ለጎረቤቱ ለልብስ ሰፊው ካዋሰው ሁለት ዓመት አልፎታል። ልብስ ሰፊው መኪና የለውም። አንድ እግሩ የተሰበረ አልጋ ደግፎበታል።

"የእኔ ሌላ ነው" አለ።

"እንዴት ሌላ ነው?"

"ሰውዬው ጥሩ ሰው ነዋ!"

ዓይኑን ፊልሙ ላይ ተከለ። የድመቷ ነገር ሲመጣ በአፍንጫው እፍ ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አባቴ በሩን ከፍቶ "ወንድሜ፣ ተራህ ነው" አለ። አጎቴ ተነሳ። ፊቱ ወደ አባቴ፣ እግሩ ወደ ውጭ ነበር። ሪሞቱን አንስቼ ፊልሙን አቆምኩት። ባለመሰላሉ በመጨረሻ መሰላሉን አግኝቶ፣ እግሩን የመጀመሪያው እርከን ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ።

"ኧረ ልጄ ምን ነካሽ! ሊወጣ እኮ ነው!" አለች የድዷን ስፌት ልታስወጣ የመጣች ዳቦ ጋጋሪ።

"አጎቴ ጥርሱን ተነቅሎ ሲመለስ ይወጣል።"

"ይሄ እገታ ነው" አለ አጎቴ። "መጨረሻውን ንገሪኝና ልሂድ። በእናትሽ!"

"እናቴ እህትህ ናት፤ ዛሬም ከሸሸህ እሷ ራሷ ናት የምትመጣልህ።" ቢሆንም ነገርኩት፤ ማሳጠር እወዳለሁ። "ጣሪያው ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ የሚሠራው ነገር ይጠፋዋል። ይወርድና መሰላሉን ተሸክሞ ለጎረቤቱ መልሶ ያውሰዋል። 'ምናልባት ቢያስፈልግህ' ይለዋል።"

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"ምኑም።"

ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ፊልሙ ግን በቃሌ ውስጥ አልነበረም። ሰውዬው ጣሪያ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲቆም ፊቱ ምን እንደሚመስል በምን ቃል ይነገራል?

አጎቴ በሩን አየ፣ ቴሌቪዥኑን አየ። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና "ሳልመጣ እንዳትነኪው" ብሎ ገባ።

ወዲያው ጩኸት ተሰማ።

"ገና ጓንት እያጠለቅኩ ነው እኮ" አለ አባቴ ከውስጥ።

እኔና ዳቦ ጋጋሪዋ የቆመውን ምስል እያየን ጠበቅን። ከመሰላሉ ጀርባ የጎረቤትየው መስኮት ይታያል። መጋረጃው ገለጥ ብሏል፤ ጎረቤትየው ቆሞ ያያል፤ በእጁ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዟል። አርባ ሦስት ጊዜ ሳየው መሰላሉን ብቻ ነበር የማየው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጎቴ ጥጥ ነክሶ፣ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከበሩ ራቅ ብሎ መሃል ላይ ተቀመጠ። ፊልሙን ለቀቅኩት። ባለመሰላሉ ወጣ፣ ቆመ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ሰማዩን አየ። የአጎቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ምናልባት ቢያስፈልግህ" ሲባል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ጥጡ ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴ የበሩን መቃን ተደግፎ አብሮን ጨረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ለሻዩ ብዬ ነው።

አጎቴ በእጁ ምልክት እስክሪብቶ ጠየቀኝና በካርዱ ጀርባ ጻፈ፦ "ሐሙስ ልብስ ሰፊውን ይዤው እመጣለሁ። ከመጀመሪያው አስጀምሪልን።"

"እሱን ደግሞ ምን አመመው?"

ምንም፣ አለኝ ራሱን ነቅንቆ፤ ቁልፉን አንስቶ ወጣ።

ካርድ ያለ ሕመም አይወጣም። ለልብስ ሰፊው አዲስ ካርድ አውጥቼ፣ የሕመሙ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ "ክሪክ" ብዬ ሞላሁት።